ዐይኑ ዐ እና የዕድራችን መዝገብ

(በሰመራ በተደረገው የዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ‹‹ስለ አባላት መዝገብ አንድ ነገር ተናገር›› ብሎ ሲያዘኝ፣ ስለ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳኑ ጥገና የምናገር የመሰለው ሰው ሳይኖር አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ፊደል ነው። ይህችውም በልጅነታችን ፊደል ስንቆጥር ‹‹ዐይኑ ዐ›› እያልን የተማርናት ናት።

‹‹ፊደል ከቀብርና ከለቅሶ ጋር ምን አገናኘው?›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድር ሰውን የሚያውቀው በስሙ ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ስሙ ተበላሽቶ ቢጻፍ ራሱ መጥቶ ‹‹የለም፣ እኔ እንዲህ ነኝ›› ብሎ ያሳርማል። ከሞተ በኋላ ግን ያ መዝገብ ነው የሚናገርለት። እኛ ደግሞ በዚህ ከተማ ዐፋሩም፣ አማራውም፣ ትግሬውም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ ሶማሌውም በአንድ መዝገብ የምንጻፍ ሰዎች ስለሆንን፣ የአንዱን ስም ሌላው ሲጽፈው የምትጠፋው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ይህችው ዐይኑ ዐ ናት። ስለዚህ ታሪኳን፣ ትርጉሟንና ሥራዋን በአጭሩ ካስረዳሁ በኋላ፣ በመዝገባችን ላይ ምን ብናደርግ እንደሚሻል ሐሳቤን አቀርባለሁ።

፩. የፊደሏ አመጣጥ

ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት ፊደል መጀመሪያ ሥዕል ነበረ። ከዛሬ 3 ሺህ 800 ዓመት ገደማ በፊት በሲና በረሃና በግብፅ አካባቢ የነበሩ፣ ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የግብፆችን ሥዕላዊ ጽሕፈት አይተው ለየድምፁ አንዳንድ ሥዕል መደቡ። የበሬ ራስ ሥለው ‹‹አልፍ›› አሉት፤ አልፋው አ ከዚያ መጣ። ቤት ሥለው ‹‹ቤት›› አሉት፤ በ ሆነ። ውሃ ሥለው ‹‹ማይ›› አሉት፤ መ ሆነ። የሰው ዐይን ሥለው ደግሞ ‹‹ዐይን›› አሉት፤ እርሱም ዐ ሆነ።

ይህ የዐይን ሥዕል እየቀለለ ሄዶ በፊንቄያውያን እጅ ባዶ ክብ ሆነ። ግሪኮች ፊደሉን ከፊንቄያውያን ሲቀበሉ፣ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ በቋንቋቸው ስላልነበረ ክቡን ‹‹ኦ›› ለሚለው ድምፅ አዋሉት። ፈረንጆች ዛሬ ‹‹ኦ›› ብለው የሚጽፉት ክብ ፊደል እንግዲህ የእኛ የዐይኑ ዐ ወንድም ነው ማለት ነው። በደቡብ ዐረብም፣ በየሓም፣ በአክሱምም ድንጋዮች ላይ ፊደሉ ክብ ሆኖ ተቀርጿል። በኛ ዘንድ እስከ ዛሬም ክብ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን አናባቢ ምልክቶች ለግእዝ ፊደል በተጨመሩ ጊዜ ክቡ እግርና እጅ እያወጣ ዑ፣ ዒ፣ ዓ፣ ዔ፣ ዕ፣ ዖ ሆነ እንጂ ግንዱ አልተለወጠም። አንድ ልጅ ‹‹አባባ፣ ዐይን የት አለ?›› ቢላችሁ ‹‹ይኸው ክቡ›› ብላችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ሥዕልን ፊደል ማድረግ የሴማውያን ብቻ አይደለም። ቻይናዎች እስከ ዛሬ የሚጽፉት ከሥዕል በመጣ ጽሕፈት ነው፤ እነርሱም ከዐይን ሥዕል የመጣ ምልክት አላቸው። ይህን አንዱን ምልክት የቤጂንግ ሰው ‹‹ሙ›› ብሎ ያነበዋል፤ የካንቶንና የሆንግ ኮንግ ሰው ግን ‹‹ሙክ›› ይለዋል። ጥንት በመጨረሻው ላይ የነበረው ‹‹ክ›› በሰሜኑ አነጋገር ጠፍቶ በደቡቡ ስለ ቀረ ነው። ጽሕፈቱ አንድ፣ ትርጉሙ አንድ፣ ድምፁ ግን ሁለት። አንዱ አገር የጣለውን ድምፅ ጎረቤቱ ይዞ ይቀመጣል። በኛም በዐይኑ ዐ ላይ የደረሰው ይኸው ስለሆነ ነው ነገሩን ያነሣሁት።

፪. በግእዝ የነበራት ሥራ

በግእዝ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። አልፋው ቀላል ነው፤ አፍን ከፍቶ ‹‹አ›› ማለት ነው። ዐይኑ ግን ከጉሮሮ ሥር ጠበቅ ተደርጎ የሚወጣ ነው። ድምፁ ሲለይ ትርጉሙም ይለያል። ጥቂት ምሳሌ ልስጥ።

‹‹ሰአለ›› በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ ለመነ ማለት ነው። ‹‹ሠዐለ›› በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ለማኙንና ሠዓሊውን የሚለያቸው ፊደል ነው።

‹‹አመት›› በአልፋው ሴት አገልጋይ ማለት ነው። ‹‹ዓመት›› በዐይኑ ግን የምንቆጥረው ዓመት ነው። ስለዚህ ‹‹አመተ ማርያም›› ስትሉ የማርያም አገልጋይ ማለታችሁ ነው፤ ‹‹ዓመተ ምሕረት›› ስትሉ ደግሞ የምሕረት ዘመን። በመዝገባችን ውስጥ አንዲት እናት ‹‹ዓመተ ማርያም›› ተብለው ተጽፈው አይቻለሁ። ‹‹የማርያም ዓመት›› ሆኑ ማለት ነው! እርሳቸው ሰምተው ስቀውበታል፤ ጸሐፊውም ያደረገው ሁላችንም የምናደርገውን ነው።

ወደ ዕድር ሥራችን ስንመጣ ደግሞ ይህች ፊደል በየቃሉ ትገኛለች። ‹‹ዐረፈ›› የምንለው በዐይኑ ነው፤ ሥራውን ፈጽሞ አረፍ አለ ለማለትም፣ ሞተ ለማለትም እንጠቀምበታለን። ‹‹ዐፅም›› በዐይኑ ነው። ‹‹ዕለት›› በዐይኑ ነው። ‹‹ዕቁብ››ም ዐቀበ፣ ማለት ጠበቀ፣ ከሚለው ግእዝ ጋር የሚዛመድ የተጠበቀ ገንዘብ ነው። ‹‹ምዕራብ››ም ዐረበ፣ ማለት ፀሐይ ገባች፣ ከሚለው የወጣ ነው፤ የፀሐይ መግቢያ ለማለት።

‹‹ዐይን›› የሚለው ቃል ራሱ በግእዝም በዐረብኛም ሁለት ነገር ነው፤ የምናይበት ዐይንም ነው፣ ውሃ የሚፈልቅበት ምንጭም ነው። በአማርኛም ‹‹የውሃ ዐይን›› እንላለን። በአማርኛ የዚህ ቃል አገልግሎት ብዙ ነው፦ ዐይነ ሥውር፣ ዐይነ ጥላ፣ ዐይነ ርግብ፣ ‹‹ከክፉ ዐይን ያውጣችሁ››፣ ‹‹ዐይን ያወጣ ሌባ››፤ ‹‹ዓይነት›› የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሁሉን ብዘረዝር ምሳ ሰዓት ይደርስብናል።

፫. በአማርኛ ምን ደረሰባት?

በአማርኛ የዐይኑ ድምፅ ጠፍቷል። ‹‹ዐይን››ን እና ‹‹አፍ››ን ስንናገር መነሻቸው አንድ ነው፤ ጆሮአችን አይለያቸውም። ይሁን እንጂ ድምፁ ሲሄድ እንዲሁ አልሄደም፤ ዱካውን ትቶ ነው የሄደው።

እስቲ ልብ በሉ። ‹‹ቀበረ›› ሦስት ፊደል ነው። ‹‹ሰበረ››ም ሦስት ነው። ‹‹በላ››ና ‹‹ሰማ›› ግን ለምን ሁለት ሆኑ? በግእዝ ‹‹በልዐ››ና ‹‹ሰምዐ›› ስለነበሩ ነው። ሦስተኛው ፊደል ዐይኑ ዐ ነበረ፤ ድምፁ ሲጠፋ ‹‹ለ››ን ‹‹ላ››፣ ‹‹መ››ን ‹‹ማ›› አድርጎ ሄደ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የምንቆጥራቸው ቀኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ‹‹ሰባት›› በግእዝ ሰብዐቱ ነው፣ ‹‹አርባ›› በግእዝ አርብዓ ነው። ‹‹እንባ›› የምንለውም በግእዝ ‹‹አንብዕ›› ነበረ፤ በአልፋው ተነሥቶ በዐይኑ የሚያልቅ ቃል። አማርኛው የመጨረሻዋን ዐይን ጥሎ ‹‹ባ››ን ብቻ አስቀረ።

ድምፁ ቢጠፋም ፊደሉ ስላልጠፋ፣ ዛሬ በአማርኛ ‹‹አ›› የሚለውን አንድ ድምፅ በአራት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። ‹‹ዓለሙ›› የተባለ ሰው በአራት ዓይነት ይጻፋል። ‹‹ዓፀደ›› የተባለች እኅታችን ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ስለሚጨመሩባት በስምንት ዓይነት ትጻፋለች። ‹‹ኃይለ ሥላሴ››ንማ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ብቆጥረው ሃያ አራት ሆነብኝ! ስድስት ‹‹ሀ››፣ ሁለት ‹‹ሥ››፣ ሁለት ‹‹ሴ››፤ አባዙትና እዩት።

ይህን ግራ መጋባት አይተው ብዙ ሊቃውንት ደክመውበታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና ከሞቱ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በጥንት ፊደሉ አስቀምጦልናል። ያን መጽሐፍ ለኅትመት ያበቁት ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያሳትሙ ርእሱን ‹‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት›› ብለው በዐይኑ ዐ ጻፉት፤ እኛ ሁልጊዜ ‹‹አዲስ›› ብለን በአልፋው የምንጽፈውን ማለት ነው። በሌላ ወገን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1970ዎቹ ዓ.ም. እነዚህን ሞክሼ ሆሄያት አጥንቶ፣ በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች እንዲቀነሱ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሁለቱም ወገን ያለ ምክንያት አልተናገረም። ነገሩ ግን ሳይቋጭ ቀረና እስከ ዛሬ ሁሉም እንደ ልማዱ ይጽፋል። ሩቅ ሳንሄድ፣ ‹‹እድር›› እና ‹‹ዕድር›› እየተባለ የማኅበራችን ስም ራሱ በሁለት መንገድ ይጻፍ የለም እንዴ?

፬. በጎረቤቶቻችን አፍ

ካንቶን ያለው ሰው ቤጂንግ የጣለችውን ድምፅ እንደ ያዘ ሁሉ፣ የዐይኑን ዐ ድምፅ አማርኛ ቢጥለውም ጎረቤቶቻችን ይዘውታል። ትግርኛ ተናጋሪ ወንድማችሁን ‹‹ዓይኒ›› ወይም ‹‹በልዐ›› በል በሉትና ጉሮሮውን አዳምጡ። ዐረብኛም አለው፤ ፊደሉን ‹‹ዐይን›› ነው የሚሉት፤ ‹‹ዒድ›› ሲሉ በዚሁ ነው። ሶማሊኛም አለው። ዐፋርኛም አለው። ይህ የምንኖርበት አገር ዐይኑ ዐ በሙሉ ድምፁ የሚነገርበት አገር ነው ማለት ነው።

በዐፋርኛ የምናይበት ዐይን ‹‹ኢንቲ›› ይባላል፤ ቃሉ ሌላ ነው። ድምፁ ግን በየቦታው ይሰማል። ‹‹ዐሪ›› ቤት ነው። ‹‹ዐሌ›› ተራራ ነው፤ ‹‹ኤርታሌ›› እያልን የምንጠራው እሳተ ገሞራ መጨረሻው ይህ ቃል ነው። ‹‹ዐሳ›› ቀይ፣ ‹‹ዐዶ›› ነጭ ነው፤ የታሪክ መጻሕፍት ‹‹አሳይማራ››ና ‹‹አዶይማራ›› እያሉ የሚጽፏቸው ሁለቱ የዐፋር ወገኖች ስማቸውን ያገኙት ከእነዚህ ከሁለቱ ቀለሞች ነው። የባህሉ ሕግ ‹‹ማድዓ›› ይባላል። እኩዮች ተሰባስበው የሚረዳዱበትና የሽማግሌዎችን ውሳኔ የሚያስፈጽሙበት ማኅበር ደግሞ ‹‹ፊዕማ›› ይባላል። እኛ ዕድር ብለን ስንቋቋም ለዚህ አገር ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ነገር አላመጣንም፤ መረዳዳቱ ድሮም ነበረ፣ በውስጡም ይህችው ዐይን ነበረችበት።

ከሁሉ በላይ የሕዝቡ ስም ራሱ በዐይኑ ነው፤ ‹‹ዐፋር››። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሳይቀር በመንግሥት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ‹‹አፋር›› ተብሎ በአልፋው ይጻፋል፤ በዚህ የሚከፋው ሰው ብዙም አላየሁም። ነገር ግን ‹‹አፋር›› በአማርኛ ሌላ ትርጉም አለው። አፈረ ከሚለው ወጥቶ የሚያፍር፣ ዓይን አፋር ማለት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ ሲቀላለዱ ሰምታችሁ ይሆናል። ‹‹ዐፋር›› ብለን በዐይኑ ስንጽፍ ግን ሁለቱ ቃላት ወዲያው ይለያያሉ፤ አንዱ ሕዝብ ነው፣ አንዱ ጠባይ ነው። ፊደላችን ይህን የመለየት አቅም እያለው ለምን ሥራ ፈት እናደርገዋለን?

አሁን ወደ ዐፋርኛ ጽሕፈት ልምጣ፤ የመዝገባችን ችግር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ዐፋርኛ አንዱ ነበረ፤ የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበረ። በሌላ በኩል ዲሚስና ሬዶ በመባል የሚታወቁ ሁለት የዐፋር ተወላጆች በ1960ዎቹ ዓ.ም. በላቲን ፊደል የሚጻፍ የዐፋርኛ ጽሕፈት አዘጋጅተው ነበር። ይህም ‹‹ዐፋር ፌራ›› ይባላል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በክልሉ የተሠራበት ይኸኛው ነው፤ የዛሬ ልጆች የሚማሩት በርሱ ነው።

በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ልናውቃቸው የሚገቡ ሦስት ፊደሎች አሉ። ፈረንጆች ‹‹ኪው›› የሚሉት ፊደል በዐፋርኛ ዐይኑ ዐ ነው። ‹‹ሲ›› የሚሉት ሐመሩ ሐ ነው። ‹‹ኤክስ›› የሚሉት ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ የሚነገር ‹‹ደ›› ነው። ‹‹ምነው ኪውን ለዐ ሰጡት?›› ብትሉ፣ በዐፋርኛ ‹‹ቀ›› የሚባል ድምፅ ስለሌለ ፊደሉ ባዶውን ነበረ። ሶማሌዎች ደግሞ ለዚሁ ለዐይኑ ዐ የመረጡት ‹‹ሲ››ን ነው። ስለዚህ አንዱ ‹‹ዐሊ›› የሚባል ስም ዐፋር ሲጽፈው በኪው፣ ሶማሌ ሲጽፈው በሲ፣ ዐረብ ሲጽፈው በዐይን፣ አማራ ሲጽፈው በአልፋው ይጀምራል። ሰውዬው ግን አንድ ነው።

፭. በመዝገብ ላይ የሚያመጣው መዘዝ

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ቢመስላችሁ፣ በዕድራችን የደረሰውን ልንገራችሁ። የቤተሰቡን ስም መጥራት ስለማይገባ ሟቹን ‹‹ዐሊ›› እንበላቸው። እኒህ አባት ብዙ ዓመት መዋጮአቸውን አንድ ወር ሳያጓድሉ የከፈሉ ሰው ነበሩ። ባረፉ ጊዜ ድንኳኑም ተተከለ፣ ቀብሩም በዕለቱ በወጉ ተፈጸመ፤ በዚያ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላህ ይመስገን፣ ዕድራችን አይታማም። ጣጣው የመጣው ለባለቤታቸው የሚሰጠው ገንዘብ ላይ ነው።

በኛ መዝገብ ‹‹አሊ›› ተብለዋል፤ በአልፋው። ከሕክምና የመጣው ወረቀት ‹‹ዓሊ›› ይላል። መታወቂያቸው በዐፋርኛ ስለሆነ በኪው የተጻፈ ነው። ይህን መታወቂያ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወደ አማርኛ ሲገለብጠው፣ ኪውን እንደ እንግሊዝኛ አንብቦ ‹‹ቃሊ›› ብሎ ጻፈው። እንግዲህ አሊ፣ ዓሊ፣ ቃሊ ሆኑ፤ ሦስት ሰው! ገንዘብ ያዡ ደግሞ ሕጉን ጠብቆ ‹‹ስሙ ካልተመሳሰለ አልከፍልም›› አለ። እርሱም አልተሳሳተም፤ የሁላችን ገንዘብ ነው የያዘው። ያቺ ሴት ግን ዕድርተኛ ገና ሐዘኑን ሳይጨርስ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ሁለት ሳምንት ሆናት። በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌዎች ቀርበው ‹‹ይህ ሰው ያ ሰው ነው›› ብለው ከመሰከሩ በኋላ ነው የተከፈላት። ባልሽ ባልሽ አይደለም የተባለች ያህል ነበር የተሰማት። ገንዘቡ አይደለም ያሳዘናት።

መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባታችንም ችግሩን አላስቀረልንም፤ እንዲያውም አባሰው። ሰው ጸሐፊ ‹‹አሊ›› ተብሎ ሲጠየቅ ‹‹ዓሊ››ን አይቶ ‹‹እርሳቸው ይሆኑ?›› ብሎ ያስባል። ኮምፒዩተር ግን አልፋውንና ዐይኑን ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። በአንዱ ከፈለጋችሁት በሌላው የተጻፈውን ‹‹የለም›› ይላችኋል። በወረቀቱ መዝገብም ቢሆን ስም በፊደል ተራ ሲቀመጥ በ‹‹አ››ና በ‹‹ዐ›› ገጾች መካከል ከ እና ወ አሉ። አዲስ ጸሐፊ የ‹‹አ››ን ገጽ ብቻ አገላብጦ ‹‹አባል አይደሉም›› ብሎ ሊመልስ ይችላል። በታወቁ ሰዎች ስም እንኳ ይህ አለ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሳ ሱልጣን የነበሩትንና በ2003 ዓ.ም. ያረፉትን የሱልጣን ዐሊ ሚራሕ ሐንፈሬን ስም ጋዜጦችና መጻሕፍት አንዴ በአልፋው፣ አንዴ በዐይኑ፣ ‹‹ሚራሕ››ንም አንዴ በሃሌታው፣ አንዴ በሐመሩ ሲጽፉት ታያላችሁ። እርሳቸውን ማንም አይስታቸውም፤ ሁሉ ያውቃቸዋል። የእኛን አባላት ግን ከመዝገቡ በቀር ማን ያውቃቸዋል?

፮. ታዲያ ምን እናድርግ?

አንዳንድ ሰው ‹‹ዐይኑን ጥለን በአልፋው ብቻ እንጻፍና እንገላገል›› ይላል። ለደብዳቤ፣ ለማስታወቂያ፣ ለጋዜጣ ከሆነ እኔ አልከራከርም፤ ‹‹አይን›› ብሎ የጻፈውንም ሰው ያልተማረ አልለውም። ስም ግን ሌላ ነው። ስም የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ከጉሮሮው አውጥቶ ‹‹ዐሊ›› ካለ፣ ፊደላችንም ያን ድምፅ የሚጽፍበት ምልክት ካለው፣ በእጃችን ያለውን ትተን ሌላ የምንጽፍበት ምክንያት የለም። ሌሎች ደግሞ ‹‹ሁሉን በግእዙ ሕግ አጥብቀን እንጻፍ›› ይላሉ። ይህም ቢሆን የሚቻል አይመስለኝም፤ ግእዝ ያልተማረ ጸሐፊ ሊሾም አይችልም ማለት ይሆንብናል። ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ ይዤ የሚከተሉትን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

1ኛ. አባል ሲመዘገብ ስሙን ራሱ እንዲጠራ ይደረግ፤ ጸሐፊው የጻፈውን መልሶ ያንብብለት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጃቸው ወይም ጎረቤታቸው አብሮ ይይ።

2ኛ. መታወቂያው በዐፋርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ በላቲን ፊደል የተጻፈ ከሆነ፣ ከአማርኛው ስም ጎን በሌላ ዓምድ ፊደል በፊደል እንዳለ ይገልበጥ። ጸሐፊዎቻችንም ሦስቱን ፊደሎች ይወቁ፦ ኪው ዐ ነው፣ ሲ ሐ ነው፣ ኤክስ የታጠፈው ደ ነው። ዑመር፣ ዐብደላ፣ ሰዒድ በኪው፤ ሐሰን፣ ሑመድ በሲ ቢመጡ ‹‹ቁመር››፣ ‹‹ሲሰን›› ተብለው እንዳይነበቡ። ይህ በግማሽ ቀን የሚለመድ ነገር ነው፤ የዐፋርኛ መምህራንም በመካከላችን አሉ፣ ቢጠየቁ እምቢ አይሉም።

3ኛ. የእያንዳንዱ አባል የአባትና የአያት ስም፣ የሰፈሩና የባለቤቱ ስም ሳይጎድል ይጻፍ። በአንድ ፊደል የተሳተ ሰው በአያቱ ስም ይገኛል።

4ኛ. በኮምፒዩተሩ መዝገብ ስም ሲፈለግ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንዲሁ እንዲደረግ ለባለሙያ ይነገር። የተጻፈው ስም አይነካ፤ አፈላለጉ ብቻ ይስተካከል። ኮምፒዩተር ከሚያውቁ ልጆቻችን መካከል ይህን የሚሠራ አይጠፋም።

5ኛ. ይህ ዋናው ነው። ማንኛውም ሐዘንተኛ በፊደል ልዩነት ምክንያት ብቻ ክፍያው እንዳይዘገይበት በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። ስሙ ሲነበብ የሚመሳሰል ከሆነ፣ ከሰፈሩ ሁለት የዕድር አባላት ቀርበው በፈረሙበት ቀን ይከፈል። ካርኒውን ይዞ ለመጣ ደግሞ ካርኒው ራሱ ምስክር ይሁን።

የተከበራችሁ አባላት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይናገራል። ይህ ትልቅ ቃል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተጽፎ የሚቀር ግን መሆን የለበትም። እኛ በዚህ ሙቀት፣ በዚህ አቧራ አብረን የምንኖር ሰዎች የአንዳችንን ስም ሌላችን አስተካክለን መጻፍ ከቻልን በትንሿ ቤታችን ፈጸምነው ማለት ነው። ጎረቤቴ በሕይወት ሳለ ‹‹ዐሊ›› ብዬ እንደ ጠራሁት፣ ባረፈም ዕለት ጡሩምባ ነፊው ‹‹ዐሊ›› ብሎ ይጥራው። ሚስቱም ወደ ጽሕፈት ቤታችን ስትመጣ በመዝገቡ ላይ የባሏን ስም ታግኘው።

አምስቱ ሐሳቦች ውይይት ተደርጎባቸው በድምፅ እንዲወሰንባቸው በትሕትና እጠይቃለሁ። ፈጣሪ ዕድራችንን ያቆይልን፤ ለከርሞውም በጤና ያገናኘን።